ስልክ ለያዘው የገበሬ ልጅ

ልጄ፣ በእኛ ጊዜ መሬት የሚከራየው በጆሮ ነበር። እገሌ በሬው ሞተበት፣ እገሊት ባሏ ካረፈ ወዲህ አራሽ አጥታለች ሲባል በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ በደጀ ሰላም ይሰማል፤ ከዚያ ወንድም ለወንድም፣ ጎረቤት ለጎረቤት በእኩል ወይም በሲሶ ይሰጣጣል። ዛሬ አንተ ስልክህን ከፍተህ የአዲስ አበባን የጤፍ ዋጋ ታያለህ፣ በቴሌግራም መሬት ፈላጊ ታገኛለህ፣ ዐረብ ሀገር ያለች እኅትህን ፊቷን እያየህ ታማክራለህ። ይህን አልንቀውም። ለገጠር ሰው ከመጡለት ነገሮች ሁሉ ከጠቃሚዎቹ አንዱ ነው። ነገር ግን ልብህ ደግ ሆኖ ሳለ እጅህ ችኩል መሆኑን ስለማውቅ፣ በመሬት ጠብ ለሽምግልና ስቀመጥ ካየሁት ጥቂቱን ልጻፍልህ። ቀስ ብለህ አንብበው።

1. በስልክ ያገኘኸውን የመሬት ነገር ለማንም «እሺ» ከማለትህ በፊት ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገር። ስልኩ የአንተ ነው፤ የይዞታ ደብተሩ ግን የአባትህና የእናትህ ነው። ደብተሩን ከሣጥን አውጥተህ ተመልከተው፤ በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ገብቶበታል። ይህ ለጌጥ አልተደረገም። አንደኛው ሳይስማማ የተሰጠ መሬት ነገ ፍርድ ቤት ያቆማል። በየቤቱ የማየው አዲስ ችግር ይህ ነው፦ ወሬው በልጅ እጅ፣ መብቱ በወላጅ እጅ ሆነ። ልጁ ደላላ ያገኛል፣ ዋጋ ይቆርጣል፣ ቀብድ ይቀበላል፤ እናት ማሳዋ እንደ ተሰጠ የምታውቀው እንግዳ ሰው በሬ ጠምዶ ሲገባባት ነው። ለሽምግልና ከመጣልኝ የኪራይ ጠብ ከተከራይ ጋር ከሆነው ይልቅ እዚያው ቤት ውስጥ፣ በእናትና በልጅ፣ በወንድምና በእኅት መካከል የተነሣው ይበዛል። ስለዚህ ስትናገር ደስ ያለህን ብቻ መርጠህ አትናገር። ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠ ሰው እንዳለ ስትነግራቸው፣ ያ ሰው ማሳውን ለስንት ዓመት እንደ ጠየቀ፣ ምን ሊዘራበት እንዳሰበም አብረህ ንገራቸው። ግማሽ ወሬ ይዞ የመጣ ልጅ ምንም ካልሰማው የበለጠ ቤተሰቡን ያሳስታል።

2. ኪራይን በብር ከማሰብህ በፊት በኩንታል አስላው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ገደማ የሆነ ደህና ማሳ፣ በደህና ዓመት አራት ኩንታል ጤፍ ሰጠ እንበል። በእኩል ብትሰጡት ሁለቱ ኩንታል የእናንተ ነው። አሁን ማዳበሪያውን ማን እንደ ገዛ ጠይቅ። በሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና አንድ ኩንታል ዩሪያ ቢባል ለዚያች ጥማድ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ኪሎ ይደርሳታል፤ ግማሹን እናንተ ከከፈላችሁ ዋጋውን ወደ ጤፍ ለውጠህ ከድርሻችሁ ቀንስ። የዘሩንም ቀንስ። የቀረው አንድ ኩንታል ከሰባ ኪሎ ወይም ከሰማንያ ኪሎ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በኮንትራት፣ ማለት በቁርጥ ብር፣ ልያዘው የሚለው ሰው የሚሰጣችሁ ብር፣ በመከር ወር፣ በእናንተ ወረዳ ገበያ፣ ይህን ያህል ጤፍ ይገዛል ወይ? በጣም ካነሰ አትቸኩሉ። ጥቂት ካነሰ ግን አያስከፋም፤ የኮንትራት ብር በረዶ ቢወርድ፣ ዝናብ ቀድሞ ቢቆም አይጎድልባችሁምና። የእኩል ድርሻ ግን ከማሳው ጋር ይመታል።

በስልክህ የምታየው የአዲስ አበባው የእህል በረንዳ ዋጋ የእናንተ ዋጋ እንዳይመስልህ። ከላዩ ላይ የጆንያው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የመኪናው፣ የደላላው፣ የነጋዴው ትርፍ ይወርዳል። ወሩንም ልብ በል። እህል በክረምት ይወደዳል፤ በታኅሣሥና በጥር አውድማው ሁሉ ሲራገፍ ይረክሳል። የመሬት ኮንትራት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በበጋ ነው። በግንቦት ያየኸውን ዋጋ ይዞ ስለሚቀጥለው ጥር የሚከራከር ሰው በሌለ ገንዘብ ይከራከራል። ዋጋውን ካየህ ከዓመት እስከ ዓመት እየመዘገብህ እየው፤ በየገበያው ቀን በደብተር ጀርባ ላይ አንድ መስመር ብትጽፍ ይበቃል።

3. የብዙ ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ በብር አትቀበሉ። ደላላ ይህን አጥብቆ ይወዳል፤ ትልቅ ገንዘብ አንድ ጊዜ ያሳይህና ዓይንህን ይይዘዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ማዳበሪያው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ዘይቱም ነዳጁም እንዲሁ። ከዚያ ቀን አስቀድሞ የአምስት ዓመት ኪራይ በእጁ የተቀበለ ሰው ምን እንደ ቀረው ራስህ ገምተው። ከአንድ ዓመት በላይ የምትሰጡ ከሆነ ክፍያው በየዓመቱ ይሁን፤ ወይም «በየዓመቱ በጥር የዚህን ያህል ኩንታል ጤፍ የገበያ ዋጋ» ተብሎ ይጻፍ። ይህን አልቀበልም የሚል ተከራይ ካለ፣ የዋጋው መለዋወጥ በእናንተ ላይ ብቻ እንዲወድቅ የሚፈልግ ነው።

4. ከሩቅ የመጣውን ተከራይ አስቀድሞ የያዘውን መሬት ባለቤት ሳትጠይቅ አትቀበለው። ኢንተርኔቱ ከዘመድና ከጎረቤት ውጭ ያለ ሰው አመጣልህ፤ ይህ ጥሩ ነው፣ አጎትህ ብቻ በነበረበት ጊዜ ዋጋውን የሚቆርጠው አጎትህ ነበርና። በፎገራ ሜዳ ለሩዝና ለሽንኩርት፣ በመራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ ስር፣ ወደ መቂና ወደ ባቱም ብትሄድ ለቲማቲምና ለሽንኩርት ከሌላ አካባቢ መጥቶ መሬት የሚይዝ ሰው ብዙ ነው። ከእነርሱ መካከል ጨዋና ታታሪ ገበሬ አለ። ደግሞ ሁለት ዓመት አፈሩን መጦ፣ የመርዝ ጠርሙሱን ጥሎ፣ እርከኑን አፍርሶ ወደሚቀጥለው ወረዳ የሚሻገርም አለ። ሁለቱም በስልክ ሲናገሩ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት የት ዘራህ?» ብለህ ጠይቀው፤ ከዚያ እዚያ ቀበሌ ያለ ሰው ፈልገህ ደውል። ስልክ በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ቀድሞ የሁለት ቀን መንገድ የነበረውን ጥያቄ በአንድ ጥሪ ትጨርሰዋለህ።

የአፈሩን ነገር ትንሽ ልቆይበት፤ ወጣቶች ፈጽሞ የምትዘነጉት ይህን ነው። በጎጃም ደጋ ብዙ ማሳ ኮምጣጣ ሆኗል፤ ማዳበሪያ ብታፈስበት እንኳ ሰብሉ እንደሚገባው አይወስደውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የኖራው ጥቅም ደግሞ ለዓመታት ይዘልቃል እንጂ በአንድ መኸር ተሰብስቦ አይወጣም። ታዲያ ለአንድ ዓመት የተከራየ ሰው ለምን ኖራ ይጨምራል? አይጨምርም፤ አይፈረድበትምም። ማሳችሁ ኮምጣጣ ከሆነ ወይ ዓመቱን ረዘም አድርጋችሁ ኖራውን እርሱ እንዲጨምር ተስማሙ፣ ወይ ራሳችሁ ጨምራችሁ ኪራዩን ከፍ አድርጉ። ደግሞ ጤፍ በጤፍ ላይ፣ ስንዴ በስንዴ ላይ እንዳይደጋግም፣ በመካከል ባቄላ ወይም ግብጦ እንዲገባ በውሉ ይጻፍ። ስለ አፈሩ የምትጠይቀው ሰው ካጣህ በ8028 ደውል፤ የግብርና ምክር በአማርኛ ይሰጣል። የቀበሌውን የልማት ሠራተኛም ማሳው ድረስ ጥራው፤ አፈሩን በእጁ ዘግኖ የሚያይ ሰው ያስፈልጋልና።

5. የቴሌግራም መልእክት ውል አይደለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ውሉ በወረቀት ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርምበት፣ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ዘመድ ነው፣ አንድ ዓመት ብቻ ነው ብለህ አትተወው። የሚያጣላው ዋጋው አይደለም፤ ዋጋውንማ ሁሉም ያስታውሰዋል። የሚያጣላው ገለባው ነው። የጤፉ ጭድ የማን ነው? ከመከር በኋላ ቃርሚያው ላይ የማን ከብት ይገባል? በድንበሩ ያለውን ባሕር ዛፍ ማን ይቆርጣል? የመሬት ግብሩን ማን ይከፍላል? ተከራዩ የቆፈረው ጉድጓድ እርሱ ሲወጣ ለማን ይቀራል? የኔ ልጅ፣ ወንድማማቾች በአንድ ክምር ጭድ ምክንያት ሁለት ፋሲካ ሳይጠያየቁ ሲያልፉ አይቻለሁ። ስለዚህ አዋሳኙን በአራቱም አቅጣጫ፣ የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ካርታ ካላችሁ የማሳውን መለያ ቁጥር፣ ምን እንደሚዘራ፣ መሬቱ በየትኛው ወር በየትኛው ቀን እንደሚመለስ፣ ጭዱና ቃርሚያው የማን እንደ ሆነ አንድ በአንድ አስጽፍ። በስልክ የተጻጻፋችሁትን አታጥፋው፤ ለማስታወሻ ይሆናል፤ ግን እርሱን ተማምነህ ከወረቀቱ አትስነፍ።

«ኪራይ» በሚል ስም ለዕድሜ ልክ የሚጠይቅ፣ ገንዘቡንም በአንድ ጊዜ ልክፈል የሚል ከመጣ፣ ያ ሽያጭ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። እንዲህ ያለውን ሰው አክብረህ መልሰው።

6. ክፍያው በእናትህ ቁጥር ይግባ እንጂ በአንተ አይግባ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የኪራይ ብር በጨርቅ ተቋጥሮ መንከራተቱ ቀርቷል፤ የከፈለውም የተቀበለውም ቀኑ ተጽፎ ይገኛል፤ «ሰጥቻለሁ አልሰጠህም» የሚባለው ጠብ ግማሹ በዚህ ቀርቷል። ነገር ግን ብሩ በአንተ ስልክ ከገባ በኋላ፣ ሳታስበው ካርድ ትሞላበታለህ፣ ለጓደኛ ታበድራለህ፣ ጫማ ትገዛበታለህ። ክፉ ስለሆንህ አይደለም፤ በእጅ ያለ ገንዘብ ስለሚቀል ነው። እናትህ በራሷ ስም ሲም ካርድ ይኑራት፣ የምሥጢር ቁጥሩን እርሷ ብቻ ትያዘው። ቁጥሮቹን ማንበብ ካልቻለች አንድ ከሰዓት በኋላ አብረሃት ተቀመጥና አስተምራት። ዱቄቱን በዓይኗ መዝና ዳቦ ለምትጋግር ሴት ይህ አይከብድም።

7. ለስደት መንገድ ብለህ መሬት በወለድ አገድ አታስይዝ። ይህን ቃል ጠንከር አድርጌ ነው የምናገረው። በቲክቶክ የሚታየውን የጅዳና የዱባይ ሕንፃ አውቀዋለሁ፤ የልጆቻችንን ልብ እንደሚሰልብም አውቃለሁ። ደላላው ገንዘብ ይጠይቃል፣ ቤተሰቡ የለውም፣ ስለዚህ መሬቱ ይያዛል፦ ብሩ እስኪመለስ ማሳው በአበዳሪው እጅ ይቆያል፣ ምርቱንም እርሱ ይበላዋል። ልጁ ደርሶ ሥራ ቢያገኝ ይመለሳል። በጅቡቲ በረሃ ቢቀር፣ በየመን ቢታሰር፣ ከሳዑዲ ባዶ እጁን ቢመለስ ግን ወላጆቹ በስተርጅና ከገዛ ማሳቸው እህል እየገዙ ይኖራሉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ሥራ አግኝተህ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ብትሄድ ግን መሬቱን ማከራየት ነውር አይደለም። ጾሙን ከሚያድር ለሚያርሰው ቢሰጥ ለሁሉም ይሻላል። መጀመሪያ ሥራውን ጨብጥ፣ ከዚያ አከራይ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ። በስልክ የታየ የሥራ ማስታወቂያ ሥራ አይደለም። ዐረብ ሀገር ልሂድ ካልህም ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን አጣርተህ፣ በሕጋዊው መንገድ ሂድ። ለዓመታት ከቀበሌው የምትርቅ ከሆነ ደግሞ የክልሉ የመሬት ሕግ ስለ ራቀ ባለይዞታ ምን እንደሚል ከመውጣትህ በፊት መሬት አስተዳደር ሄደህ ጠይቅ። እኅትህም በኢሞ «የእኔን ድርሻ አከራዩልኝ» ስትል ውክልና በሕግ ትላክ፤ እዚያ ማዶ ሆና በስክሪን የምታየው ፊቷ ለመሬት አስተዳደር ፊርማ አይሆንም።

8. ራስህ መከራየት ካሰብህ ከአንድ ጥማድ ጀምር። በዩቱብ ሽንኩርት ሲለቀም አይተህ አምስት ጥማድ ልያዝ አትበል። ያንን ቪዲዮ አንተ ብቻ አላየኸውም። የዘንድሮ ውድ ዋጋ በሺዎች ስልክ ላይ በአንድ ሳምንት ይደርሳል፣ ሁሉም ይተክላል፣ ሲደርስም በአንድ ላይ ይደርሳል፤ ሽንኩርት እንደ ጤፍ ጎተራ አይቀመጥም። ደግሞ የመስኖ ማሳ ስትከራይ የውሃው ተራ ከማሳው ጋር ይምጣ አይምጣ ከውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጠይቅ። ተራ ውሃ የሌለው የመስኖ መሬት በውድ የተከራየ ደረቅ መሬት ነው።

9. ሁሉንም በስልክ አታስቀምጥ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። የተከራዩ ስልክ ቁጥር፣ የውሉ ፎቶ፣ የዋጋው መዝገብ በቴሌግራም ብቻ የነበረበት ሰው በዚያ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ወረቀቱ ከደብተሩ ጋር በሣጥን ይኑር።

10. የምታውቀውን ዋጋ በማያውቀው ሰው ላይ አትጠቀምበት። ይህን ወደ መጨረሻ ያስቀመጥሁት ስለሚያንስ አይደለም። እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ድረስ በብዙ የሀገራችን ክፍል ጭሰኛው ለባለመሬቱ ይገብር ነበር፤ የዚያ ቀን አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፣ መሬት ማከራየትንም ከለከለ። ኋላ ኪራይ ሲፈቀድ ነገሩ ተገልብጦ መጣ። አሁን የምታከራየው አብዛኛውን ጊዜ ደሃዋ ናት፦ በሬ የሌላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ገና ያልደረሱላት። የሚከራየው ደግሞ በሬና ገንዘብ ያለው ነው። በዚህ ላይ እርሱ ስልክ ኖሮት እርሷ ባይኖራት፣ እርሱ የወረታን ከተማ ገበያ ዋጋ አውቆ እርሷ የቀበሌዋን ወሬ ብቻ ብታውቅ፣ ክፍተቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ አስበው። ቀድሞ ቢያንስ ሁለቱም የሚያውቁት ያው የአንድ ገበያ ዋጋ ነበር። አንዳንድ ወጣት ይህን ብልጠት ይለዋል። እኔ አልለውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጇ ስልክ ይገዛል፣ ዋጋው ይታወቃል፣ ያን ጊዜ በቀበሌው ውስጥ መሬቱን በአደራ የሚሰጥህ ሰው አታገኝም፤ በእኛ አገር ደግሞ መሬት የሚገኘው በመታመን ነው።

በሰፈራችሁ በሬ የሌላት፣ ማሳዋን በየዓመቱ በእኩል የምትሰጥ አንዲት እናት አለች፤ ማን እንደ ሆነች ታውቃለህ። ከሚመጣው በጋ በፊት ሄደህ የዘንድሮውን የኮንትራት ዋጋ ንገራት፣ ከላይ እንደ ነገርሁህም ከእኩሉ ጋር አስልተህ በወረቀት አሳያት፣ ሌላ ሁለት ሦስት ሰው እንድትጠይቅም ቁጥራቸውን ስጣት። ከዚያ ለአንተ ብትሰጥህም፣ ለሌላ ብትሰጥም፣ እንደ ድሮው ለአራሿ ብታስቀጥለውም የእርሷ ፈቃድ ነው።